የመምህርታችን ማኅደር

ወጣት መምህራን ወደ ገጠርና ወደ ድኻ መንደር ትምህርት ቤቶች ሄደው ማስተማራቸው ለአገር የሚሰጠውን ጥቅም ለዚህ መጽሔት አንባቢያን መዘርዘር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። አብዛኞቹ መምህራንና ተማሪዎች፣ የቀሩትም የመንግሥት ሠራተኞች ናቸውና ነገሩን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። እኛም ብዕራችንን ያነሣነው ለማስተማር አይደለም። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ስናገለግል ያየነውንና፣ ከዚያም በፊት በተማሪነታችን ዘመን በገዛ እጃችን ያደረግነውን አንድ ነገር ለመናገር ነው።

ሰኔ ሲገባ የመዝገብ ቤታችን መስኮት በወጣቶች ይሞላል። ሁሉም በእጃቸው አንድ አንድ ወረቀት ይይዛሉ፤ በወረቀቱም ራስጌ «ጉዳዩ፦ ዝውውር ስለ መጠየቅ» የሚል ተጽፎበታል። አንዱ ጋብቻን፣ ሌላው ሕመምን፣ ሦስተኛው የአረጁ ወላጆቹን መጦር ምክንያት ያደርጋል። እኛ ቁጥር እንሰጠዋለን፤ ቀን እንጽፍበታለን፤ በመዝገብ ላይ አስፍረን ለሚመለከተው ክፍል እንመራዋለን። ሥራችን ይኸው ነው። ነገር ግን ሰው ነንና በልባችን አንድ ቂም እንይዝባቸው ነበር። «እነዚህ ልጆች ጫማቸው የአገሩን ጭቃ ሳይለምድ መሄጃቸውን ይጠይቃሉ» እንል ነበር። ይህንም በልባችን ብቻ አላስቀረነውም፤ አንዳንድ ጊዜ በመስኮቱ በኩል ተናግረነዋል።

ያን ቂም ያስተወን በ2016 ዓ.ም. ክረምት ያገኘነው አንድ የቆየ ማኅደር ነው። ስለ ማኅደሩ ከመናገራችን በፊት ግን የማን እንደ ሆነ ማስረዳት ይገባናል።

ተወልደን ያደግነው በጉራጌ ደጋ ነው። አገሩ እንሰትና ገብስ የሚበቅልበት፣ በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ውርጭ ሣሩን አንጥቶት የሚያድርበት ነው። መንደሩ በጀፎረ ግራና ቀኝ የተደረደረ ነው፤ ጀፎረ ማለት፣ ለማያውቀው አንባቢ፣ ቤቶች ፊት ለፊት የሚተያዩበት ሰፊ ሣራማ መንገድ ነው፤ ከብቱ የሚግጠው፣ ልጁ የሚጫወተው፣ ሠርጉም ለቅሶውም የሚውለው በዚያው ላይ ነው። ትምህርት ቤታችን ከጀፎረው ጫፍ ላይ ያለ፣ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ ሁለት ረድፍ ቤት ነበር። ዝናብ ሲወርድ በቆርቆሮው ጩኸት የመምህሩ ድምፅ ፈጽሞ ስለማይሰማ እስኪያባራ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ነበር።

በ1991 ዓ.ም. 4ኛ ክፍል ስንገባ በአንድ ክፍል 83 ልጆች ነበርን። መጽሐፍ ለአምስት ልጅ አንድ ይደርስ ነበር። በቤታችን የምንናገረው ጉራጊኛ ሲሆን የምንማረው ግን በአማርኛ ነበር። አማርኛን ከአዲስ አበባ ለመስቀል ከሚመጡት ነጋዴ ዘመዶቻችን አፍ እንሰማው እንደ ሆነ ነው እንጂ ከእናታችን ጋር አልተነጋገርንበትም። መምህሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ያነባሉ፤ 83 አፍ በአንድ ጊዜ ይመልሳል፤ እንደገና ያነባሉ፤ እንደገና እንመልሳለን። በአጥሩ ሥር የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ «ልጆቹ እንዴት ያነባሉ!» እያለ ያደንቅ ነበር። እኛም እናነባለን ብለን እናምን ነበር።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ትምህርት ከተጀመረ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ፣ አዲስ መምህርት ተሹመው መጡ። ከሐዋሳ ከተማ የመጡ፣ 12ኛ ክፍል ጨርሰው የአንድ ዓመት የመምህርነት ሥልጠና የተቀበሉ፣ ቦታቸውም በዕጣ የደረሳቸው ነበሩ። ሰማያዊ ሹራብ ለብሰው፣ ከሹራቡ በላይ ነጠላ ደርበው፣ ከነጠላው በላይ ደግሞ ከዘበኛው የተዋሱትን ጋቢ ጣል አድርገው ስናያቸው ሣቅን። ዕድሜያቸውም ለእኛ የትልቅ ሰው ዕድሜ መስሎን ነበር። አሁን ከማኅደራቸው የልደት ዘመናቸውን ቆጥረን እንደ ተረዳነው ገና 20 ዓመታቸው ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት «ከእናንተ መካከል ማን ያነብልኛል?» ብለው ጠየቁ። የክፍሉ ልጆች ሁሉ ወደ እኛ ጠቆሙ፤ አንባቢ የሚባለው እኛ ነበርንና። ተነሥተን መጽሐፉን በሁለት እጃችን ይዘን አንድ ገጽ ያለ አንዳች መሰናከል ተወጣነው። ስንጨርስ ቀስ ብለው መጥተው መጽሐፉን ከእጃችን ወስደው አዞሩት። ተዘቅዝቆ ነበር የያዝነው። ከዚያ ሌላ ገጽ፣ ገና ያልተማርነውን፣ ገልጠው «ይህንስ?» አሉን። ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ተርመሰመሱብን፤ አንድ ቃል ሳንናገር ቆመን ቀረን። በሣምንቱ መጨረሻ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠርተው ሲፈትኑ ያላየውን ገጽ ማንበብ የቻለ ከ83 ልጅ 11 ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ይህ የእኛ ክፍል ብቻ ጉዳይ እንዳልነበረ የተረዳነው ካደግን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ ሁሉ ደነገጠ። እኛ ግን በዚያን ቀን ያሰብነው ያን የተዘቀዘቀ መጽሐፍ ነበር።

መምህርታችን አልተቈጡም፤ ለርእሰ መምህሩም አልከሰሱንም። «ጆሮአችሁ ጎበዝ ነው፤ አሁን ዐይናችሁን እናስተምረዋለን» አሉን። ከሱቅ የሳሙና ካርቶን ለምነው በመቀስ እየቈረጡ በአንድ አንዱ ላይ አንድ አንድ ፊደል ጻፉበት። ማንበብ የቻሉትን 11 ልጆች የቡድን አለቃ አድርገው የቀረነውን አከፋፈሉን። በየማለዳው ፈረቃችን ከመግባቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድመን እንድንመጣ አደረጉ። ውርጭ ባለበት ማለዳ ልጆቹ ሁሉ መምጣታቸው ዛሬም ይደንቀናል።

ከሁሉ ይልቅ የማንረሳው ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን የእንሰት ቅጠል ይዘው ገቡና «ይህን በቤታችሁ ምን ትሉታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። እኛ ፈራን፤ በትምህርት ቤት ግቢ በጉራጊኛ መናገር እንደ ጥፋት ይቈጠር ነበርና። አንድ ልጅ ደፍሮ «አሰት» አለ። «አሰት» ብለው ደገሙት፤ አነጋገራቸው ስላልተካከለ ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። እርሳቸውም ሣቁ። ከዚያ «አሰት»ን በሰሌዳው አንድ ወገን፣ «እንሰት»ን በሌላው ወገን ጽፈው የሚመሳሰሉትን ፊደሎች እንድንፈልግ አዘዙን። እስከዚያች ዕለት ድረስ አፋችን የሚያወጣው ድምፅ በሰሌዳ ላይ ሊጻፍ ይችላል ብለን አስበን አናውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጉራጊኛ ቃል የሚመዘግቡበት አንድ ደብተር ነበራቸው፤ ያን ደብተር ስናርምላቸው ሳናውቀው እኛው ማንበብና መጻፍ ለመድን። እስከ ሰኔ ድረስ ከክፍሉ ልጆች አብዛኞቹ ያላዩትን ገጽ እየተንተባተቡም ቢሆን ማንበብ ችለው ነበር።

በመስከረም ተመዝግባ በጥቅምት የቀረች አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ በእንሰት ፍቂያ ስለሚውሉ ታናናሾቿን የምትጠብቅ እርሷ ነበረች። መምህርታችን በአንድ እሑድ አስተርጓሚ አድርገው እኛን ይዘው ወደ ቤቷ ሄዱ። አባትየው ነገሩን ካዳመጡ በኋላ በጉራጊኛ «ይህች ልጅ የራሷን እናት ቤት ትታ የሰው ቤት ልታዝ መጣች እንዴ?» ብለው ብዙ ተናገሩ። እኛ አፍረን «ያስቡበታል ይላሉ» ብለን ተረጐምን። መምህርታችን ፈገግ ብለው «ይህን ሁሉ ተናግረው ማሰብ ብቻ ነው ያሉት?» አሉን። ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። በሦስተኛው ጊዜ አባትየው ቡና አስፈልተው፣ «እሺ ልጄ፣ ከሰዓት በኋላ ትምጣ፤ ጠዋቱን ግን ለእናቷ ተዪላት» አሉ። ልጅቱም የከሰዓት ፈረቃ ገብታ መማር ጀመረች።

ስለ መምህርታችን ኑሮ በዚያን ጊዜ ያሰብነው ጥቂት ነው። የተከራዩት በአንድ ገበሬ ቤት ውስጥ በአጣና የተከፈለ ጓዳ ነበር፤ ከአጣናው ወዲያ ከብቶቹ ያድራሉ፤ ጢሱም መውጫ ስለሌለው በጓዳው ያድራል። ውኃ የሚቀዳው ከግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ደመወዛቸውን ለመቀበል በየወሩ ወደ ወረዳው ከተማ አራት ሰዓት በእግር ይሄዱ ነበር። ከጥር ወር ጀምሮ ያስላቸው እንደ ነበር እናስታውሳለን። እንጨትና ውኃ አንዳንድ ጊዜ እናመጣላቸው ነበር፤ ይህንም እንደ ትልቅ ውለታ እንቈጥረው ነበር።

እዚህ ላይ ከታሪካችን ጥቂት ወጣ ብለን አንድ ነገር ማስታወስ እንወዳለን። ወጣቱን ወደ ሩቅ አገር ልኮ ማስተማር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት ስለ ትምህርት በአዲስ አበባ ተሰብስበው እ.ኤ.አ. እስከ 1980 ድረስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉ እንዲዳረስ ሲወስኑ በአገራችን ትልቁ ችግር የመምህር እጥረት ነበር። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች መጥተው አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎቹ ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየአውራጃው ወጥተው እንዲያገለግሉ ማድረግ ጀመረ፤ የአብዛኞቹም አገልግሎት ማስተማር ነበር። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ፤ የዚያ ዘመቻ ነገር ግን ከትምህርት ይልቅ የፖለቲካ ታሪክ ስለሚበዛበት ለሌላ ጊዜ እንተወዋለን።

በውጭ አገርም ይኸው ሐሳብ ተነሥቷል። ዌንዲ ኮፕ የምትባል የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 በመመረቂያ ጽሑፏ ላይ፣ ጥሩ ውጤት ያላቸው ወጣት ምሩቃን ለሁለት ዓመት በድኾች ልጆች ትምህርት ቤቶች ቢያስተምሩ መልካም ነው የሚል ሐሳብ አቀረበች። በማግሥቱ ዓመት 500 ያህል ወጣቶች ተሰማሩ፤ ይህም ድርጅት «ቲች ፎር አሜሪካ» የሚባለው ነው፤ ኋላም አሳቡ በብዙ አገሮች ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ አንድ ጥናት እነዚህ ወጣቶች ያስተማሯቸው ልጆች በሒሳብ ከሌሎቹ በልጠው፣ በንባብ ግን እኩል ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ የወጣት መምህር ትጋት ከንቱ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይህን ይመልከት፤ እኛም ለዚህ ምስክር ነን።

ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የሚመሳሰል ነገር እናያለን፤ እርሱም የጊዜው ማጠር ነው። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ነው። በየጊዜው ያገለገሉ ሰዎች «ካስተማርነው ይልቅ የተማርነው በለጠ» ሲሉ ይሰማል። ንግግሩ የትሕትና ነው፤ እውነትም ሊሆን ይችላል፤ ግን ከኋላ የቀረውን ተማሪ ሒሳብ አይዘጋውም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። በ1992 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ 5ኛ ክፍል ሳለን፣ መምህርታችን ዝውውር ጠይቀዋል የሚል ወሬ በመንደሩ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ በጀፎረው ላይ ከዛፍ ሥር ተቀመጡ። እንዳይነሡብን ለወረዳው እንጻፍ ተባለ። የሚጽፈው ግን ከልጆቻቸው አንዱ፣ እርሳቸው ያስተማሩት ቢሆን ይሻላል፤ ወረዳው የልጁን እጅ ጽሑፍ ሲያይ ልቡ ይራራል አሉ። የተመረጥነው እኛ ነበርን። 12 ዓመታችን ነበር። አባታችን ትከሻችን ላይ እጃቸውን አሳርፈው ቆመው ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ቀን የኮራንበት ቀን የለም። ሽማግሌዎቹ በጉራጊኛ ሲናገሩ እኛ በአማርኛ እያደረግን ሁለት ገጽ ሞላን። ከዚያም ከቤት ወደ ቤት እየዞርን የሰዎቹን አውራ ጣት በቀለም እያስነካን አስፈረምን። ወረዳው ልመናችንን ተቀበለ፤ መምህርታችንም ቀሩ። በትምህርት ቤቱ ዘንድ እንደ ጀግና ተቈጠርን።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ መምህርታችን ደብተራችንን አርመው ሲመልሱልን ጽሑፋችንን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያም «ው»ንና «ዉ»ን ለይተን እንድንጽፍ አንድ ገጽ ሙሉ አዘዙን፤ ግራውን ወገን በ«ው»፣ ቀኙን በ«ዉ»። ቅጣት መስሎን ነበር፤ ግን ፊታቸው የቁጣ አልነበረም።

በጳጉሜን ወር፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ፣ ሻንጣቸውን በበቅሎ አስጭነው ሄዱ። በሁለት ሳምንቱ መስቀል ሆነና ነጋዴዎቹ ከአዲስ አበባ ገቡ። ስለ ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ተዋጣ፤ በ1950ዎቹ ዓመታት መንገዱን በራሱ መዋጮ ያሠራ ሕዝብ ለትምህርት ገንዘብ ማዋጣት አይሰንፍም። የተሠራው ግን ትልቅ የብረት በር ነበር። ዛሬም በዚያው ቆሟል። የመምህር ማደሪያ ቤት የሚል ቃል ያነሣ ሰው አልነበረም።

በምትካቸው የተመደቡት መምህር የመጡት በጥር ነው፤ ዓመት ሳይሞላቸው ሄዱ። የካርቶን ፊደሎቹን ለቀጣዩ ዓመት ልጆች የሚያወጣ ሰው ጠፍቶ በመጋዘን ውስጥ አይጥ በላቸው። የማለዳው ግማሽ ሰዓት ቀረ። ያቺ የከሰዓት ተማሪም 6ኛ ክፍልን አልጨረሰችም፤ ወደ አባቷ ቤት አራተኛ ጊዜ የሚሄድ አልተገኘምና። እኛ ግን ቀጠልን። በ1997 ዓ.ም. 10ኛ ክፍል ሳለን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ጀመረ፤ ፕላዝማ እንለው ነበር። በእንግሊዝኛ የሚናገረው ሰው ሳያቋርጥ ያስተምራል፤ በጎኑ የቆመው ወጣት መምህር ደግሞ ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ በተረፈችው ደቂቃ የሆነውን ሊያስረዳን ይጣደፋል። መምህር የማያስፈልገው ጥሩ ትምህርት ተገኘ ተብሎ ነበር። ቴሌቪዥኑ ዝውውር አይጠይቅም፤ ነገር ግን የተዘቀዘቀ መጽሐፍም አያይም።

አሁን ወደ ማኅደሩ ደረስን። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የጽሕፈት ቤታችን አሮጌ መዛግብት ከእርጥብ መጋዘን ወጥተው በአዲስ መደርደሪያ እንዲቀመጡ ታዘዘ። አቧራውን እያራገፍን ስም በስም ስንደረድር የመምህርታችን ማኅደር በእጃችን ገባ። በውስጡ ሦስት ማመልከቻዎች ነበሩ።

የመጀመሪያው የሰኔ 1991 ዓ.ም. ነው፤ የአገልግሎት ዘመንዎ አልደረሰም ተብሎ ተመልሷል። ሁለተኛው የጥር 1992 ዓ.ም. ነው። እናታቸው በጽኑ እንደ ታመሙና የሚያስታምም ሰው እንደሌለ ይናገራል፤ የሐኪም ማስረጃም ተያይዞበታል። በላዩ ላይ የኃላፊው ጽሑፍ አለ፤ «የአካባቢው ሕዝብ በፊርማ ስለ ጠየቀ ለጊዜው አልተፈቀደም» ይላል። ከሥሩ «አባሪ፦ 2 ገጽ፤ ግልባጭ፦ ለአመልካቿ» የሚል ተጽፏል። አባሪው የእኛ ጽሑፍ ነው።

ወረቀቱን ገልጠን አነበብነው። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ፊደሉ ክብ ክብ ያለ፣ እርሳቸው እንዳስተማሩን ነው። በመካከሉ «መምህርታችን በመካከላችን በደስታ ይኖራሉ፤ ምንም ነገር አልጐደላቸዉም» የሚል ሦስት ጊዜ በልዩ ልዩ መልክ ተደጋግሟል። ሦስቱንም ጊዜ በ«ው» ፈንታ «ዉ» ጽፈናል። በገጹ ግርጌ ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራዎች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ የአባታችን ነው። ሦስተኛው ማመልከቻ የነሐሴ 1992 ዓ.ም. ሲሆን አራት መስመር ብቻ ነው። እናታቸው በግንቦት እንዳረፉ፣ ታናናሽ ወንድሞቻቸው ያለ አሳዳጊ እንደ ቀሩ ይናገራል። ይህኛው ተፈቅዷል።

ግንቦት 1992 ዓ.ም. ላይ መምህርታችን ለአንድ ሳምንት ያህል ከትምህርት ቤት ቀርተው እንደ ነበር ትዝ አለን። ሲመለሱ ጥቁር ለብሰው ነበር። እኛ ልጆች ነንና የጠየቅናቸው ነገር አልነበረም፤ እርሳቸውም ትምህርቱን ካቋረጡበት ገጽ ቀጠሉ።

ደብዳቤ ልንጽፍላቸው አስበን ነበር። አድራሻቸውን ግን በማኅደራቸው በኩል አልፈለግንም፤ ማኅደር ለመንግሥት ሥራ እንጂ ለግል ጉዳይ አይከፈትምና። ይህ ምክንያት እውነት ነው፤ ማፈራችንም እውነት ነው።

ያን ዓመት የተመዘገቡትን የዝውውር ማመልከቻዎች እንደ ገና አነበብናቸው፤ ከዚያ በፊት የምናነበው ርእሱን ብቻ ነበር። «ጋብቻ» ከሚለው ቃል በታች፣ «ጤና» ከሚለው ቃል በታች፣ ብዙዎቹ ስለ ማደሪያ ቤት፣ ስለ ውኃ፣ በሌሊት ስለማይዘጋ በር ጽፈው አገኘን። አሜሪካኖች በኒው ዮርክ ከተማ በ4ኛና በ5ኛ ክፍል ወደ 850,000 የሚጠጋ የተማሪ ውጤት የስምንት ዓመቱን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ መምህራን የሚፈራረቁበት ክፍል ልጆች በንባብም በሒሳብም ዝቅ እንደሚሉ፣ ጉዳቱም አስቀድሞ ደካማ ውጤት ባለባቸው ትምህርት ቤቶች እንደሚከፋ፣ የቀሩት መምህራን የሚያስተምሯቸውን ልጆች እንኳ እንደሚነካ ገልጠዋል። ይህን ባነበብን ጊዜ የካርቶን ፊደሎቹን የበላው አይጥ ትዝ አለን። ወጣቱን መምህር በዕጣ መላክ ለመንግሥት ቀላል ነው፤ በፊርማ ማስቀረትም ለእኛ ቀላል ሆኖ ነበር። ያልሞከርነው የሚኖርበትን ቦታ መስጠት ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መስቀል፣ ሕዝቡ በጀፎረው በተሰበሰበበት፣ ያን የ1992 ዓ.ም. ነገር ተነሥተን ተናገርን። የሴትዮዋን ስምና የማኅደሩን ቃል አላነሣንም፤ የተናገርነው የጻፍነውን ውሸት ብቻ ነው። ከፈረሙት ሽማግሌዎች ሁለቱ በሕይወት ነበሩ። አንደኛው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው «ጢሱን እኮ እናውቅ ነበር» አሉ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ነጋዴ ግን «መምህር ደመወዝ አለው፤ ለእኔ ሱቅ ጠባቂ ማን ቤት ሠራለት?» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ እስከ ማታ ቆየ፤ ነጋዴው በመጨረሻ የቆርቆሮውን ግማሽ እርሱ እንደሚችል ተናግሮ ተቀመጠ። ለአራት መምህራን የሚሆን ባለ አራት ክፍል ቤት በትምህርት ቤቱ ግቢ እንዲሠራ ተወሰነ። ድንጋዩ በየካቲት ተሰበሰበ፤ ጣራው በግንቦት ተመታ። በርና መስኮቱ ቀረ፤ አናጢው በሁለት ቦታ ሥራ ይዞ ያመላልሰናል።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በዚያ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር ወጣት ወደ መስኮታችን መጣ። በእጁ ወረቀቱን ይዟል። ተቀብለን እስከ መጨረሻው አነበብነው፤ ቁጥር ሰጠነው፤ ቀን ጻፍንበት። እንዲተወው አልለመንነውም። ደረሰኙን ስንሰጠው ወዲያው አልሄደም።

«ያ ቤት መቼ ነው የሚያልቀው?» አለን።

አናጢው ከመስቀል በፊት ብሎናል አልነው። ደረሰኙን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና ከበስተኋላው ለቆመችው መምህርት ቦታ ለቀቀላት።